ሳይፈውሰው በፊት ዳሰሰው

ኅዳር 22 ቀን የሚታሰበውን የዓለም የኤድስ ቀን ምክንያት በማድረግ የቀረበ ስብከት
ንባብ፦ ማር. 1፣40-45

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ መጀመሪያ ላይ አንድ ለምጻም ወደ ጌታችን ቀርቦ በፊቱ እንደ ተንበረከከ ይተርክልናል። በሙሴ ሕግ መሠረት (ዘሌ. 13፣45-46) እንዲህ ያለው ሰው የተቀደደ ልብስ ለብሶ፣ ርኩስ መሆኑን በገዛ አፉ እየጮኸ፣ ከሰፈር ውጭ ብቻውን ይኖር ነበር። ሕመሙ ሥጋውን ሲጎዳው መገለሉ ደግሞ ቤቱን፣ ጎረቤቱንና ስሙን ወስዶበት ነበር። ይህ ሰው ጌታ ሊያነጻው እንደሚችል አልተጠራጠረም፤ ኃይሉን አምኖ መጥቷል። ያላወቀው ጌታ ይህን ይፈቅድለት እንደ ሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የተገፋ ሰው የእግዚአብሔርን ኃይል ከመጠራጠር ይልቅ የእግዚአብሔርን ፍቅር ይጠራጠራልና።

ጌታችን የመቶ አለቃውን አገልጋይ በሩቅ ሆኖ በቃሉ ብቻ እንደ ፈወሰው ይህንም ሰው በቃል ብቻ ሊፈውሰው ይችል ነበር። ነገር ግን እንዲህ አላደረገም። በመጀመሪያ አዘነለት፤ ቀጥሎም እጁን ዘርግቶ ነካው፤ ከዚያም ፈቃዱን ነገረው፤ ለምጹም የለቀቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ጌታ የዳሰሰው ከነጻ በኋላ ሳይሆን ገና ለምጻም ሳለ ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ጌታ ሰውዬውን ወደ ካህኑ ሄዶ እንዲመረመር አዘዘው። በሕጉ መሠረት የለምጽን ነገር መርምሮ የሚወስነው ካህኑ ነበርና ጌታ ተአምር አድርጎለት ሳለ እንኳ ከምርመራው አላስቀረውም። በመጨረሻም ነገሩ በየቦታው ስለ ተወራ ጌታ በግልጥ ወደ ከተማ መግባት ተስኖት በውጭ በምድረ በዳ እንደ ቆየ ወንጌላዊው ይነግረናል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በውጭ የነበረው ሰው ወደ ሰፈሩ ገባ፤ ጌታ ደግሞ በእርሱ ፈንታ በውጭ ቀረ። ያን ሰው መንካት ለጌታችን ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውንም ከፈለ።

ዛሬ ስለ ኤች.አይ.ቪ. ልነግራችሁ ስነሣ ይህን ወንጌል የመረጥኩት ኤች.አይ.ቪ. እንደ ለምጽ ነው ለማለት አይደለም። በመጨባበጥ፣ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በመጎራረስና በአንድ ቤት በመኖር እንደማይተላለፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወንጌሉን የመረጥኩት መድኃኒቱ ከተገኘ ከብዙ ዓመታት በኋላም የሚጎድለን አንድ ነገር ስላለ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ የሚዘረጋው እጅ ነው።

ጢሱ ወደ ሰው ሲዞር

ኅዳር ለአዲስ አበባ ሰው የመታሰቢያ ወር ነው። በ1911 ዓ.ም. የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ከተማችን ገብቶ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። አባቶቻችን “የኅዳር በሽታ” አሉት። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ ከተማዪቱም በጢስ ስትታጠን፣ ያ ዘመን ይታወሳል። የዓለም የኤድስ ቀን ከዚሁ ከዐሥር ቀን በኋላ ይውላል።

ሁለተኛው ወረርሽኝ በአገራችን የታወቀው በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በተገኙ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ጢሱ ከቆሻሻው ይልቅ ወደ ሰው ዞረ። በየሰፈሩ የሆነውን እናስታውሳለን። የሕመምተኛው ብርጭቆና ሳሕን ለብቻ ተቀመጠ። አከራይ ተከራዩን ቤቱን እንዲለቅ አደረገ። ልጅ የሞተባቸው ወላጆች የልጃቸውን ሕመም በስሙ መጥራት አቅቷቸው “ሳንባ ነው”፣ “ምች ነው” እያሉ ቀበሩ። አያቶች በስተርጅና የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ተገደዱ። በዚያ የዝምታ ዘመን በ1990 ዓ.ም. ገደማ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ጥቂት ወንድሞችና እኅቶች እንደ መቅድምና ተስፋ ጎሕ ያሉትን ማኅበራት መሥርተው ፊታቸውን ለሕዝብ ገለጡ። እነርሱ በተናገሩበት ጊዜ መድኃኒት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ድፍረት ብቻ ነው። መንግሥትም በዚያው በ1990 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ./ኤድስ ፖሊሲ አወጣ።

ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ዘመን የዘረጋችው እጅ ነበራት። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በመስከረም 1980 ዓ.ም. በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የኤድስ ሕሙማንን በቤተ ክርስቲያን ተቀብለው፣ ቫይረሱ የነበረበትን ሕፃን በሰው ሁሉ ፊት አቀፉ። ብዙ ሰው ገና ለመጨበጥ በሚፈራበት ወራት ነበር። በከተማችንም የእማሆይ ቴሬዛ ደናግል በአስኮ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሕፃናትን ሰብስበው አሳደጉ። ይህን ለመመካት አላነሣሁትም። ጥቂቶች ሲነኩ ብዙዎቻችን ከሩቅ እንደ ቆምን ለማስታወስ ነው።

የሰባኪዎች ንስሐ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከሩቅ ከቆሙት መካከል እኛ ሰባኪዎችም አለንበት። ኤድስ የእግዚአብሔር መቅሠፍት ነው ብለን የሰበክንበት ጊዜ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ሕመሙን ሲያውቅ ወደ ማን ይሂድ? ወደ እኛ እንዳይመጣ በሩን ራሳችን ዘግተንበታል። ደቀ መዛሙርቱ ከተወለደ ጀምሮ ዕውር ስለ ነበረው ሰው ማን በደለ ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታ ጥያቄውን ራሱን አልተቀበለውም (ዮሐ. 9፣1-3)። እኛ ግን ደጋግመን ጠየቅን።

ደግሞም ሌላ ስሕተት አለ፤ ይህኛው ርኅራኄ ስለሚመስል ይበልጥ ያሳስታል። ታማኝ ሆና ሳለች ከባሏ ለተላለፈባት ሚስትና ከእናቱ ለወሰደው ሕፃን እናዝናለን፤ ለሌላው ግን “የእጁን አገኘ” እንላለን። እንዲህ ስንል ሕሙማንን ለሁለት ከፍለን ምሕረት የሚገባውንና የማይገባውን እኛ እየመረጥን ነው። ጌታችን ለምጻሙን ሕመሙ ከየት እንዳገኘው አልጠየቀውም። ከገጠር መጥታ በቡና ቤት ሥራ ሌሊቱን የምታሳልፍ ልጅም፣ ከቤቱ ርቆ በየመንገዱ የሚያድር ሾፌርም፣ ቤተሰቡን የበደለ ባልም ከመጡ ጌታ የሚዘረጋላቸው ያንኑ እጅ ነው።

ይህን በማለቴ ቤተ ክርስቲያን ስለ ንጽሕናና በጋብቻ ስለ መታመን የምታስተምረው ቀለለ ማለት አይደለም። ከጋብቻ በፊት መታቀብና በጋብቻ መታመን ትእዛዝም ጥበቃም ነው፤ ለወጣቶቻችን ሳናፍር እናስተምረው። ነገር ግን የጤና ባለሙያ ስለ መከላከያ ዘዴዎች በሙያው የሚናገረውን ሐሰት ነው እያልን ሰውን አናስት። እውነትን በውሸት መከላከል አይገባንም። ንስሐም ቢሆን የሚገኘው በፍርሃት ከተዘጋ ደጅ ሳይሆን ከተከፈተው ነው።

ቂርቆስና እናቱ

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም ይጠራል። ሐምሌ 19 ቀን የሚዘከረውን የእርሱንና የእናቱን የኢየሉጣን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በፈላው ውኃ አጠገብ በቆሙ ጊዜ እናቲቱ ፈራች፤ ያጽናናትና ያበረታታት ግን በእጇ ያለው ሕፃን ነበር፤ ቅዱስ ገብርኤልም አዳናቸው ብሎ ትውፊት ይነግረናል። ብዙ ጊዜ እናት ልጅን ታጽናናለች፤ በቂርቆስ ታሪክ ግን ልጅ እናቱን አጸናት።

ይህን ሳስብ በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ የምትቀመጥ ነፍሰ ጡር ትታየኛለች። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ እንድታደርግ ትጠየቃለች፤ በዚያች ሰዓት ልቧ የሚፈራውን እናውቃለን። ስለ ራሷ ብቻ ቢሆን ምናልባት “ባላውቀው ይሻለኛል” ትል ነበር። ስለ ማኅፀኗ ፍሬ ግን ክንዷን ትዘረጋለች። የሕፃኑ መኖር ያጸናታል።

ድፍረቷም በከንቱ አይቀርም። ምንም እርዳታ ካልተደረገ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ ሊያዙ ይችላሉ። እናቲቱ መድኃኒቷን በሚገባ ከወሰደችና ሕፃኑም የሚገባውን መድኃኒት ካገኘ ግን ይህ ቁጥር ከ5 በታች ይወርዳል። ጡቷንም ልታጠባው ትችላለች። ሕፃኑ በ6 ሳምንቱ ሲመረመር ነጻ መሆኑን የሰማች እናት ደስታ ከፋሲካ ደስታ ጋር ይመሳሰላል። ክትትሉ ግን ጡት እስኪያቆምና የመጨረሻው ምርመራ እስኪደረግ ድረስ አይቋረጥም። ባሎችም ልብ በሉ፤ ሚስቶቻችሁን ወደዚህ ምርመራ ብቻቸውን አትላኩ። አብራችሁ ሂዱ፤ አብራችሁ ተመርመሩ።

ስለ ምርመራውና ስለ መድኃኒቱ

ለካቴኪስቶች ሲባል የጤናውን ነገር ጥቂት ግልጽ ላድርግ፤ የሚጠይቃችሁ ሰው ትክክለኛ መልስ ይገባዋልና።

ምርመራው በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል። ከጣት ጫፍ በምትወሰድ የደም ጠብታ ይደረጋል፤ ውጤቱም በዚያው ሰዓት ይታወቃል። የመጀመሪያው ውጤት ቫይረሱ አለ ቢል በሌላ ዓይነት ምርመራ ሳይረጋገጥ ለማንም አይነገርም። ቫይረሱ በቅርብ ቀን የገባ ከሆነ በምርመራው ላይታይ ስለሚችል፣ ሥጋት ያለው ሰው ከ3 ወር በኋላ ደግሞ እንዲመረመር ይመከራል። ምርመራው በፈቃድ ነው፤ ውጤቱም የባለቤቱ ምሥጢር ነው። ተገዳ የተደፈረች ወይም በሌላ አደጋ ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው ቢኖር በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ወደ ጤና ተቋም ይድረስ፤ ለ28 ቀናት የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት አለ። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው፤ ሦስቱም ቀን በዝምታ ያልፍበታል።

ቫይረሱ በደሙ የተገኘ ሰው እንደ ድሮው እስኪታመም አይጠብቅም፤ መድኃኒቱን ወዲያው ይጀምራል። በዚሁ በክፍለ ከተማችን ያለው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል መድኃኒቱን ቀድመው መስጠት ከጀመሩት የአገራችን ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በመጀመሪያ መድኃኒቱ በገንዘብ ነበርና ገንዘብ የሌለው እያየ ይሞት ነበር። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ግን በአልጋ ላይ የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዓይናችን ያየነው ነው። ዛሬ ለአብዛኛው ሰው መድኃኒቱ በቀን አንድ ፍሬ ኪኒን ነው። ጤናው የተረጋጋለት ሰው ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመረው አሠራር የ6 ወሩን በአንድ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ይህን አስተምሩ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ እስኪሆን የወረደለት ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ አረጋግጧል። አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ሌላቸው የሌለባቸው ባለትዳሮች ሐኪማቸውን እየሰሙ በአንድ ጎጆ ሊኖሩና ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። ጋብቻቸው በዚህ ምክንያት አይፈርስም።

ጸበል እየተጠመቅሁ መድኃኒቱን ልተወው የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ደግሞ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቡለት። እዚያ ሐኪምን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ተጽፏል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ አስተምረዋል። በዚህ ነገር እኛና እነርሱ አንድ ቃል ነን። ያ ለምጻም ከተአምሩ በኋላ ወደ ምርመራ ተልኮ የለምን? ጸሎት ከሕክምና አያስቀርም።

ካዛንችስ ስትበተን

አሁን ወደ ልቤ ጭንቀት ልምጣ። ካዛንችስ ስሟን ያገኘችው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው። ከዚያ በኋላ ግን የእኛው ሰፈር ሆና ትውልድ አሳድጋለች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙዎቹ ነዋሪዎቿ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ዳርቻዎች ተዛወሩ። የከተማ መታደስ የሚያስገኘውን ጥቅምና የሚያስከትለውን ጉዳት ለመመዘን አልተነሣሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከሰፈሩ ጋር ምን ሄደ?

አንዲት እናት አስቡ። ስሟን አልጠራም፤ አንዲት ብቻ አይደለችምና። ለብዙ ዓመታት ከቤቷ በእግር በምትደርስበት ጤና ተቋም መድኃኒቷን ስትወስድ ኖራለች። በቀጠሮዋ ቀን ገበያ የምትሄድ መስላ ዘንቢሏን ይዛ ትወጣለች። ከኪኒን ዕቃው ላይ ጽሑፉን ልጣ፣ በሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ ታኖረዋለች። ምሥጢሯን የምታውቅ አንዲት የእድር ጓደኛ ነበረቻት፤ ስትታመም መድኃኒቷን የምታመጣላት፣ ስትሰለች የምትቆጣት እርሷ ነበረች። ዛሬ ያች ጓደኛ በአንድ ዳርቻ፣ እርሷ በሌላ ዳርቻ ናቸው። እድሩ ተበትኗል። የቀድሞው ጤና ተቋም በታክሲ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተሳፍረው የሚደርሱበት ሆኗል። በአዲሱ ሰፈር ወዳለው እንዳትሄድ አዲሶቹ ጎረቤቶቿ በወረፋው ላይ ያዩኛል ብላ ትፈራለች። አንድ ቀጠሮ ያልፋል፤ ቀጥሎ ሁለት። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይነሣል፤ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል። ይህች እናት ብትሞት የገደላት ቫይረሱ ብቻ አይሆንም፤ የሚጠይቃት ሰው ማጣቷም ነው።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ተጨመረ። በጥር 2017 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት በሚገኝ ገንዘብ ተቀጥረው የኤች.አይ.ቪ.ንና የሌሎች በሽታዎችን አገልግሎት ሲያግዙ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ተደረገ። በዚህ አገልግሎት ከጤና ሠራተኛው ሥራ አንዱ ከቀጠሮ የቀረውን ሰው ስልክ ደውሎ መፈለግ፣ የሰለቸውን ማበረታታት ነው። ይህን የሚያደርግ እጅ ሲያንስ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እያለ ሰው ሊጠፋ ይችላል። ከ99 በጎች የተለየውን አንዱን ፍለጋ የመውጣት ጥሪ (ሉቃ. 15፣4) አስቀድሞም የእኛ ነበር፤ ደመወዝ ተከፍሏቸው ይፈልጉ ለነበሩ ሰዎች ትተንላቸው ኖረናል።

ከእናንተ የሚጠበቀው

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ይህን ሥራ የማንንም ምሥጢር ሳታወጡ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ማን ቫይረሱ እንዳለበት ለማወቅ አትድከሙ። ያ ለምጻም ታሪኩን ያወራው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አላወራበትም። እናንተ ለሁሉም ተናገሩ። ከመሥዋዕተ ቅዳሴ በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያ ላይ፣ ሰፈር የቀየረ ማንኛውም የመድኃኒት ተከታታይ፣ የስኳርም ይሁን የደም ግፊት፣ የሳንባ ነቀርሳም ይሁን የኤች.አይ.ቪ.፣ ከቀድሞው ጤና ተቋም የዝውውር ወረቀት ጠይቆ በአዲሱ ሰፈሩ ክትትሉን እንዲቀጥል ንገሩ። ወረቀቱ ቢዘገይ እንኳ መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይናገር። ለሁሉም የተነገረ ቃል የሚያስፈልገውን ሰው ሳያሳፍር ይደርስለታል።

ሁለተኛ፣ ከቁምስናችን የራቁትን በየስማቸው አስቡ። በወንበሩ ላይ የነበረችውን እናት፣ በመዘምራን መካከል የቆመውን ወጣት ፈልጋችሁ ደውሉላቸው፤ ሂዱና ጠይቋቸው። “ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?” ብላችሁ አትጀምሩ። “ናፍቀኸን ነው” በሉ። ቡናው ሲፈላ የሚነገረው በራሱ ጊዜ ይነገራል። ነግሯችሁ ከሆነ ደግሞ በመቃብር ድንጋይ እንደ ተዘጋ ይሁን። የነገሩንን ምሥጢር ወደ እድርና ወደ ማኅበር ካወጣነው ያንን ሰው ሁለተኛ ከሰፈር አስወጣነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለጋብቻ የምታዘጋጇቸውን ወጣቶች አብረው እንዲመረመሩ ምከሩ፤ ግን ምርመራውን እንደ ፈተና ወረቀት አታቅርቡላቸው፤ ውጤቱንም ለማየት አትጠይቁ። ምርመራው በጋብቻ ሊሆኑ ላሰቡት አንድነት የሚገባ እውነት መሆኑን አስረዷቸው። ውጤቱ ያልጠበቁት ቢሆን ሁለቱም ከእናንተ ዘንድ የሚመለሱበት ደጅ ይኑራቸው።

አራተኛ፣ እናንተ ራሳችሁ ሂዱና ተመርመሩ። እኛ ካህናትም እንሂድ። መምህሩ በወረፋው ላይ ተቀምጦ የታየ እንደ ሆነ፣ በዚያ ወረፋ መታየት ከእንግዲህ ነውር አይሆንም። ጌታችን የለምጻሙን ቦታ ወስዶ በውጭ እንደ ቆየ ተናግሬአለሁ። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከወንድማችን ጎን ጥቂት ሰዓት መቀመጥ ነው። የሚያየን ሰው ምን ይለን ይሆን የሚለው ሐሳብ ከከበደን፣ ሌላው ያንን ሸክም ብቻውን ለዓመታት እንደ ተሸከመው እናስታውስ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከእናንተ መካከል ቫይረሱ በደሙ ያለ፣ ይህንንም ለማንም ያልነገረ ሰው ይህን ጽሑፍ እያነበበ ይሆናል። ለአንተ፣ ለአንቺም የምለው አንድ ቃል ነው። ጌታ ይፈቅድልኝ ይሆን ብላችሁ ከቶ አትጠራጠሩ፤ እጁ ተዘርግቷል። መድኃኒታችሁን አትተዉ። በቅዱስ ቁርባን ማዕድ ዙሪያ ቦታችሁ አለ፤ ያለ እናንተም ያ ማዕድ ሙሉ አይሆንም። እኛ ከሩቅ ቆመን ያሳዘንናችሁ ከሆነ ይቅር በሉን።

ጸሎት፦ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፤ ሌሎች የሸሹትን ሰው ዳስሰኸዋልና እጆቻችንን ከፍርሃት አድናቸው። የተበተኑትን ጎረቤቶቻችንን በያሉበት ጠብቅልን። የሚመረምሩትንና የሚያክሙትን እጆች ባርክ፤ ወላጅ ያጡትን ልጆች አሳድግ፤ በዚህ ሕመም ያንቀላፉትን፣ በስሙ ሳይነገርላቸው የተቀበሩትንም፣ በስማቸው ጥራቸው። በእናትህ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ በሕፃኑ በቂርቆስና በእናቱ በኢየሉጣ ጸሎት እናቶችንና ልጆችን ጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።